የድድ ቁጣና የመላው ሰውነት ጤና

ማንም ሰው እግሩን እሾህ ወግቶት ወይም እጁን ማጭድ ቆርጦት ደም ሲፈስሰው ቁስሉን ያጥባል፤ ይሸፍናል፤ አልድን ካለውም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ይኸው ሰው ግን ጥርሱን ሲፍቅ መፋቂያው ደም ነክቶ ቢያይ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል እንጂ ነገሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በእግር ላይ የወጣው ቁስል በሽታ፣ በድድ ላይ የወጣው ግን የተለመደ ነገር ሆኖ የሚታየው ስለ ምንድን ነው? በዚህ ወር ትምህርታችን ልናስረዳ የምንፈልገው፣ የሚደማ ድድ ክፍት ቁስል መሆኑንና ጉዳቱም በአፍ ውስጥ ብቻ ተወስኖ የማይቀር መሆኑን ነው።

ይህንንም የምንጽፈው በሞላሌ ከተማና በመላው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ለሚያስተምሩት መምህራን፣ እንዲሁም አንብበው ለጎረቤቶቻቸው ማስረዳት ለሚችሉት የከተማ ነዋሪዎች ነው። የጥርስ ሐኪም በየቀበሌው በማይገኝበት አገር የሕፃናትን አፍ በየዕለቱ ለማየት የሚችሉት ወላጅና መምህር ናቸው። የድድ ሕመም ደግሞ ገና ሲጀምር ያለ ሐኪምና ያለ ብዙ ገንዘብ ሊመለስ የሚችል፣ ከቆየ በኋላ ግን ያጠፋውን የማይመልስ በሽታ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስላል።

ድድ እንዴት ይታመማል?

ድድ ጥርስን ከሥሩ አቅፎ የያዘ ሥጋ ነው። ጤነኛ ድድ ጠንከር ያለ፣ ከጥርሱ ጋር የተጣበቀ፣ ሲፋቅም የማይደማ ነው። በጥርሱና በድዱ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ስንጥቅ ይገኛል። በማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጀርሞች ይኖራሉ፤ ጥርስ ሳይጸዳ ውሎ ሲያድር እነዚህ ጀርሞች ተባዝተው በጥርሱ አንገት ዙሪያ ዝልግልግ ያለ ስስ እድፍ ይሠራሉ። ይህን እድፍ ማለዳ ከመፋቅ በፊት ጥርስን በጥፍር ጫር በማድረግ ማየት ይቻላል። እድፉ በጊዜው ካልተነሣ በምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር እየተዋሐደ በጥቂት ቀኖች ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ በመጨረሻም ከጥርሱ ጋር የተጣበቀ ደንጊያ ይሆናል። ደንጊያ ከሆነም በኋላ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያነሣውም፤ በሐኪም መሣሪያ መፋቅ ይኖርበታል።

ሰውነት ይህን ወራሪ ዝም ብሎ አያየውም። በአማርኛችን «ቁስሉ ተቆጣ» የምንለው አነጋገር ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል። አንድ ስፍራ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም፣ ሰውነት ጀርሙን ለመመከት ደሙንና ነጭ የደም ሕዋሳቱን ወደዚያ ማዝመቱ ነው። ሐኪሞች ይህን ቁጣ ብግነት ብለው ይጠሩታል። ብግነት ለጥቂት ቀን መጥቶ የሚበርድ ሲሆን ከጠላት የሚያድን ነው። ሳይበርድ ለወራትና ለዓመታት የሚቆይ ከሆነ ግን የገዛ አካሉን ይበላል። ሌሊቱን በአመድ የተዳፈነ ፍም ነበልባሉ ባይታይም ሙቀቱ እንደማይጠፋ፣ የቆየ የድድ ብግነትም ብዙ ጊዜ ሳያምና ሳይታወቅ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል። ሰው ሕመም ስላልተሰማው ብቻ ጤነኛ ነኝ ብሎ እንዳይታለል የምናስጠነቅቀው ስለዚህ ነው።

የእድፉ ጥፋተኛነት በፈተና ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ አገር ሃራልድ ሎ የተባለው የጥርስ ሊቅና ባልደረቦቹ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ከማጽዳት እንዲታቀቡ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት በጀመሩ ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ባለው ጊዜ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው በ3 ሳምንት ቸልተኝነት የማይታመም ድድ አለመኖሩ ነው፤ ሁለተኛውም ገና የጀመረ ቁጣ በማጽዳት ብቻ የሚበርድ መሆኑ ነው።

ቁጣው ሳይበርድ ከቆየ በብዙ ሰዎች ላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ያለው ኪስ ይፈጠራል፤ ጥርሱን ተክሎ የያዘው አጥንትም ይሟሟል፤ ጥርሱ ይረዝማል፣ ይነቃነቃል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። ብዙ ሰዎች ይህን የእርጅና ሥራ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶችም የጥርስ ትል በላው ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ትል የሚባል ነገር በጥርስ ውስጥ የለም፤ ሽማግሌውንም ጥርስ ያሳጣው የዕድሜው ብዛት ሳይሆን ለብዙ ዓመት ሳይበርድ የቆየው ቁጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ጽኑ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በመላው ዓለም ከ1 ቢሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል።

ከድድ ወደ መላው ሰውነት የሚወስዱት ሁለት መንገዶች

ጽኑ የድድ በሽታ ባለበት ሰው፣ በጥርሶቹ ዙሪያ ያሉት ኪሶች ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ ስፋታቸው ከ8 እስከ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ ሊቃውንት ገምተዋል። ይህን ያህል ቁስል በባቱ ላይ ያለበት ሰው ሳይታከም አይቀመጥም ነበር። በድድ ላይ ሲሆን ግን ተሸሽጎ ይኖራል፤ ከዚያም በሁለት መንገድ ሰውነትን ይነካል።

አንደኛው መንገድ ጀርሞቹ ራሳቸው ወደ ደም የሚገቡበት ነው። ድዱ የቆሰለ ሰው ምግቡን ሲያላምጥ ወይም ጥርሱን ሲፍቅ ጥቂት ጀርሞች በተከፈቱት ጥቃቅን የደም ሥሮች በኩል ወደ ደሙ ይገባሉ። በጤነኛ ሰው ዘንድ ሰውነት እነዚህን በደቂቃዎች ውስጥ ይደመስሳቸዋል። ማረፊያ የሚሆናቸው የተጎዳ አካል ካገኙ ግን ሊተከሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ የቁጣው መልእክት ነው። በድዱ ዘንድ የሚዋጉት ሕዋሳት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር በደም ተጉዞ ወደ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም ጠላት መጣ ብሎ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውንና የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ያፈሳል። ጽኑ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአፍ ውስጥ ያለች ትንሽ ቁጣ መላውን ሰውነት በዘብ ላይ አቁማ ታኖረዋለች ማለት ነው።

ይህም በምርመራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና በለንደን የተደረገ አንድ ጥናት ጽኑ የድድ በሽታ ያለባቸውን 120 ሰዎች በሁለት ወገን ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን የተሟላ የድድ ሕክምና፣ ለሁለተኛው የተለመደውን ቀላል እንክብካቤ ሰጠ። የተሟላ ሕክምና ባገኙት ዘንድ በማግስቱ ቁጣው ለጊዜው ብሶ ታየ፤ የተነካ ቁስል ነውና። ከ6 ወር በኋላ ግን የደም ሥሮቻቸው ውስጠኛ ገጽ አሠራር ካልታከሙት ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። የድድ ጤንነት ለደም ሥር እንደሚተርፍ ይህ ያስረዳል።

ይልቁንም መጠንቀቅ የሚገባቸው እነማን ናቸው?

የስኳር ሕመምተኞች። የስኳር በሽታና የድድ በሽታ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ። ስኳሩ ያልተገታ ሰው ድዱ በቶሎ ይታመማል፤ የታመመው ድድም በተራው ስኳሩን ለመግታት አስቸጋሪ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የ35 ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ የድድ ሕክምና ያገኙ የስኳር ሕመምተኞች ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የረጅም ጊዜ የስኳር መለኪያቸው ወደ 0.4 የመቶ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሏል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ ለሕመምተኛው ትልቅ እርዳታ ነው፤ የስኳር መድኃኒትን ግን አይተካም።

የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች። በአገራችን በልጅነት የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ መዝጊያዎች ያበላሻል። እንዲህ ባለው የተበላሸ መዝጊያ ላይ ከአፍ የመጣ ጀርም ተተክሎ ሕይወትን የሚያሰጋ የልብ ብግነት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ተማሪ ያለው መምህር፣ ልጁ ጥርሱን ዘወትር እንዲያጸዳ ከሌሎቹ ይልቅ ይከታተለው። ልጁም ጥርስ ከማስነቀሉ ወይም ከማስጠረቡ በፊት የልብ ሕመም እንዳለበት ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል፤ አስቀድሞ መድኃኒት ያስፈልገው እንደ ሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በገበያ ቀን በጉጠት ለሚነቅል ሰው አሳልፎ መስጠት እጅግ አደገኛ ነው።

በምግብ እጥረት የደከሙ ሕፃናት። ኖማ የሚባለው ክፉ በሽታ በድድ ቁስል ይጀምራል፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥም የጉንጭን ሥጋና አጥንት ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱትን፣ ወይም ኩፍኝና ሌላ ጽኑ ሕመም ያደከማቸውን ልጆች ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በኢትዮጵያም የሚገኝ በሽታ ነው። ሳይታከሙ ከቀሩት 10 ልጆች 9ኙ ያህል እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ድርጅቱም በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ገና በድድ ላይ ሳለ ግን በጀርም ማጥፊያ መድኃኒት፣ አፍን በማጠብና በምግብ ሊድን ይችላል። የደከመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ አፉ ቢሸት ወይም ጉንጩ ቢያብጥ፣ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ነፍሰ ጡሮች። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ በሚደረገው ለውጥ ምክንያት ድድ በቀላሉ ይቀላል፤ ይደማልም። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን አይታ ማጽዳቱን ብትተው ሕመሙ ይብሳል፤ ስለዚህ ከቀድሞው ይልቅ ተጠንቅቃ ታጽዳ።

ከልክ ያላለፈ እውቀት

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን ነገር ለይተው እንዲያውቁ እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በካናዳ ባደረገው ንግግር የአፍ ብክለት ለብዙ በሽታዎች ምክንያት እንደሚሆን አስተማረ። ይህ አሳብ በሥሩ እውነት ነበረበት፤ ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ከልክ አልፈው የመገጣጠሚያና የልዩ ልዩ አካል ሕመም ይድናል በማለት የሰዎችን ጥርስ በሙሉ ይነቅሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1938 ግን የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን 200 ሕመምተኞች የመረመሩ ሐኪሞች ጥርስ መንቀሉ እንዳልፈወሳቸው ገለጹ፤ ልማዱም ቀስ በቀስ ቀረ።

ዛሬም ቢሆን የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር በሽታ ይበዛባቸዋል፤ ሲጋራ ማጨስና የመሳሰሉት ምክንያቶች ተቀንሰው ሲታዩም ግንኙነቱ አይጠፋም። ሆኖም የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስታወቀው፣ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ ወይም ድድን ማከም የልብ ድካምን እንደሚከላከል ገና በማስረጃ አልጸናም ነበር። እንግዲህ ማንም «ጥርስህን ብታጸዳ ልብህ አይታመምም» ብሎ አያስተምር። በእውነት ሊባል የሚችለው፣ የቆሰለ ድድ ለሰውነት የቁጣ ምንጭ መሆኑና ይህን ምንጭ ማድረቅ ጥቅም እንጂ ጉዳት የሌለው መሆኑ ነው።

ስለ ድድ ንቅሳት

በአማራ አገር በብዙ ቦታ ሴቶች ለጌጥ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ አሁንም ፈጽሞ አልቀረም። አንዳንዶች የሚደማ ድድን ያጠነክራል በማለት እንደ መድኃኒት ያደርጉታል። ንቅሳት ግን እድፉንና ደንጊያውን ስለማያነሣ በሽታውን አያድንም። ያልተቀቀለ መርፌ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የጉበት ብግነትንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ የጠቆረ ድድ ቢቀላ አይታይም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተነቀሰች ሴት በቀለሙ ሳይሆን በመድማቱ፣ በማበጡና በአፍ ጠረን ሕመሙን ትለይ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ማጨስ የድድን መድማት ስለሚቀንስ በሽታው ተሸሽጎ ይገፋል።

ምን ማድረግ ይገባናል?

ለዚህ በሽታ መከላከያው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አጠቃቀሙን ለተማረ ልጅ የአገራችን መፋቂያ እድፍን በማንሣት ከብሩሽ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። ወይራ በደጋው፣ ልምጭም በወይና ደጋው ለመፋቂያ የታወቁ ናቸው። ወተት የሚመስል ፈሳሽ ካላቸው እንደ ቅንጭብና ቁልቋል ካሉት ዛፎች ግን ከቶ መፋቂያ አይቆረጥ፤ ፈሳሻቸው መርዝ ነውና። አጠቃቀሙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መፋቂያው እርጥብ ይሁን፤ ጫፉም እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ይታኘክ። ያረጀው ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ ይጣል። አንዱ የሌላውን አይጠቀም።

2ኛ፤ ሳይጫኑ ከድዱ ጠርዝ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፋቅ። ወደ ጎን በኃይል መጎተት ድድን ይልጣል። በከሰል ወይም በአሸዋ መፈተግም እንዲሁ ይጎዳል።

3ኛ፤ ብዙ ሰው የሚፍቀው ከፊት የሚታየውን ብቻ ነው። በሽታው ግን የሚጀምረው በአብዛኛው በጥርሶች መካከል፣ በመንጋጋ ጥርሶችና በምላስ በኩል ባለው ገጽ ነው፤ እነዚህ እንዳይዘነጉ።

4ኛ፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ይልቁንም ከመኝታ በፊት ይጽዳ። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ማግኘት የሚችል ሰው እነዚህን ቢጠቀም መልካም ነው።

5ኛ፤ ደም ቢታይ ማጽዳቱ አይቋረጥ። ደሙ የሚመጣው መፋቂያው ስለ በደለ ሳይሆን ድዱ ስለ ታመመ ነው። በሚገባ ከ2 ሳምንት በላይ እየጸዳ መድማቱ ካልቆመ፣ መግል ቢታይ ወይም ጥርስ ቢነቃነቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ የጥርስ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። መድማት አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሕመም ወይም የቪታሚን ሲ ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ፍራፍሬ እንደ ልብ በማይገኝበት ደጋ ጎመንና ድንች ከማዕድ እንዳይለዩ እንመክራለን። ጎመኑም ብዙ አይቀቀል።

ለመምህራን

መምህራን ይህን ትምህርት በ2 ሳምንት በተግባር ሊያሳዩት ይችላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መፋቂያ ያምጣ፤ መምህሩም ከላይ የተጻፈውን ሥርዓት በፊታቸው ያሳይ። ከዚያ ተማሪው በደብተሩ ላይ 14 መስመር አስምሮ፣ ድዱ በደማ ቀን አንድ ነጥብ፣ ባልደማ ቀን አንድ ክብ ያድርግ። ደብተሩን ከመምህሩ በቀር ማንም እንዳያይና ማንም ልጅ በአፉ ምክንያት እንዳያፍር ጥንቃቄ ይደረግ። ነጥቡ እየቀነሰ ክቡ ሲበዛ ልጆቹ በሽታ ሲመለስ በገዛ ዓይናቸው ያያሉ። ክብ ያላገኘው ልጅ ወላጆቹ ተጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይነገራቸው።

ከትምህርቱ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች፤

1. ቁስል «ተቆጣ» ሲባል በሰውነት ውስጥ የሚደረገው ነገር ምንድን ነው?

2. የድድ ቁጣ ወደ መላው ሰውነት የሚደርስባቸውን ሁለት መንገዶች ተናገር።

3. የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ምን መናገር አለበት? ስለ ምን?

4. ድዱ ሲደማ አይቶ መፋቅ ያቆመን ጎረቤት ምን ብለህ ትመክረዋለህ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚችል ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለእናቱና ለአባቱ፣ ለታናናሾቹም መምህር ይሆናል። ጥርሱን ከመኝታ በፊት የሚፍቅ ቤተ ሰብ ዋጋው አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ብቻ በሆነ ሥራ ጥርሱን ለሽምግልናው ያቆያል፤ ደሙንም ከዕለት ተዕለት ቁጣ ያሳርፋል።